ወለሉ የሚበላሸው ምስማሩ ከመመታቱ በፊት ነው

በጣውላ የተነጠፈ ወለል ለዐይን የሚያምር፣ ለእግር የሚሞቅ፣ በአግባቡ ከተሠራም ከአንድ ትውልድ በላይ የሚያገለግል የቤት አካል ነው። ይሁን እንጂ ወለሉ ከተነጠፈ ገና ዓመት ሳይሞላው በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ሲፈጠር፣ አንዱ ጣውላ ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ እግር ሲያደናቅፍ፣ ሰው በተራመደ ቁጥር ወለሉ ሲንቋቋ፣ አልፎ አልፎም ጨርሶ ከመሬት ተነሥቶ እንደ ግመል ሻኛ ሲያብጥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህን ጊዜ የቤቱ ባለቤት አናጢውን፣ አናጢው ጣውላውን የላገውን ማሽን ቤት፣ ማሽን ቤቱ ደግሞ እንጨት ነጋዴውን ይወቅሳል። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? መልሱስ በምን ይታወቃል?

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በጣውላው ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ ነው። በጣውላ ላይ የሚታየው ጉድለት ከሁለት ምንጮች ይመነጫል፤ ከማሽኑ ስለት ወይም በእንጨቱ ውስጥ ካለው ውሃ። ሁለቱን መለየት የሚችል ሰው ለእያንዳንዱ ጉድለት የሚስማማውን መፍትሔ ያገኛል፤ መለየት የማይችል ግን ሁሉንም በምስማርና በመዶሻ ሊያስተካክል ይነሣል። ምስማር ደግሞ ጉድለቱን ያስራል እንጂ አያርምም።

ካዛንቺስና እንጨቱ

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከቤት ግንባታ ታሪክ የተወለደ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚያሠራ ኢንቺስ የተባለ የጣልያን ተቋም ነበር። ‹‹ካዜ ኢንቺስ›› ማለትም የኢንቺስ ቤቶች የሚለው አጠራር በአዲስ አበባ ሰው አንደበት ተሞርዶ ካዛንቺስ ሆነ። ከጣልያንኛ የቀረልን የሰፈር ስም ብቻም አይደለም፤ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ስቱኮ፣ ሰጋቱራ የሚሉት ቃላት ዛሬም ከአናጢዎቻችን አፍ የማይጠፉ የዚያው ቋንቋ ውርሶች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አካባቢው ብዙ ጊዜ ተሠርቷል፤ ብዙ ጊዜም ፈርሷል። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ሆቴሎችና ረጃጅም የቢሮ ሕንፃዎች በቀሉ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሰፊው የካዛንቺስ ነባር መንደር ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወሩ። ቤት በፈረሰና በተሠራ ቁጥር አሮጌ ወለል ይነሣል፤ አዲስ ወለልም ይነጠፋል። በካዛንቺስም ሆነ በመላው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ አዲስ ሕንፃ ሲጠናቀቅ ወለል የሚነጠፈው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ ማለትም ጥድፊያው በሚያይልበት ወቅት መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል።

የእንጨቱም ዓይነት ተለውጧል። የቀደሙት አናጢዎች ጽድ፣ ዝግባና ዋንዛ ከደን እየመጣላቸው ይሠሩ ነበር። እነዚህ ዛፎች እየተመናመኑ በመሄዳቸው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ጥበቃ፣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠርቶ ከመቆረጥ እንዲጠበቁ ደነገገ። ይህ አዋጅ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 542፣ ያም በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተክቷል። ስለዚህ የዛሬው አናጢ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በባሕር ዛፍ ወይም ከውጭ በገባ እንጨት ነው። ጽድ ሲደርቅ የሚጨማደደው በመጠኑ ሲሆን፣ ነጭ ባሕር ዛፍ ግን አብዝቶ ይጨማደዳል፤ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል። በቀድሞው እንጨት ሳይጎላ ያልፍ የነበረ የአላላግና የአደራረቅ ጉድለት በባሕር ዛፍ ላይ ጎልቶ ይወጣል ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ በእጃችን ያለው ጣውላ ከአሮጌ ቤት የተነሣ ጽድ ወይም ዝግባ ከሆነ፣ አንዱን ማበላሸት በቀላሉ የማይተካውን ማባከን ነው።

እንጨትና ውሃ

በሕይወት ባለ ዛፍ ውስጥ ያለው ውሃ በሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው በሕዋሳቱ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚገኘው ነጻ ውሃ ነው። ሁለተኛው በሕዋሱ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ከቃጫው ጋር የተሳሰረው ውሃ ነው። ዛፉ ተቆርጦ መድረቅ ሲጀምር አስቀድሞ የሚወጣው ነጻው ውሃ ሲሆን፣ በዚህ ደረጃ በአብዛኛው የእንጨቱ ክብደት ይቀንሳል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። የውሃው መጠን ከደረቁ እንጨት ክብደት ከ28 እስከ 30 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነጻው ውሃ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው እያንዳንዱ ጠብታ ከሕዋሱ ግድግዳ የሚወጣ ስለሆነ ግድግዳው ይሳሳል፤ እንጨቱም ይጨማደዳል።

ጭምደዳው በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። እንጨቱ ከዚህ ነጥብ ተነሥቶ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ በርዝመቱ የሚያጥረው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ነው። ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ በሚወስደው አቅጣጫ ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ በሚዞረው አቅጣጫ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 በመቶ ይጨማደዳል። ጣውላ የሚጎብጠውና የሚጣመመው በእነዚህ አቅጣጫዎች መካከል ባለው ልዩነት ምክንያት ነው።

እንጨት ደርቆም ቢሆን ከአየሩ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨቱ 9 በመቶ ገደማ፣ 65 በመቶ ሲሆን 12 በመቶ፣ 80 በመቶ ሲሆን 16 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይረጋል። በአዲስ አበባ በበጋው ደረቅ ወራት አንጻራዊው እርጥበት ወደ 50 በመቶና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ከ75 በመቶ በላይ ይወጣል። ስለዚህ የከተማችን ወለል በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይሰፋል፤ አንድ ጊዜ ይጠብባል።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። 4 ሜትር ስፋት ያለውን ክፍል 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው 40 ጣውላዎች እንሸፍናለን እንበል። ጣውላዎቹ በስፋታቸው አቅጣጫ በጠቅላላው 8 በመቶ የሚጨማደዱ ከሆነ፣ ይህን ለ28 ስናካፍለው ለእያንዳንዱ የ1 በመቶ የእርጥበት ለውጥ 0.29 በመቶ ያህል ይደርሳል። ጣውላው በሐምሌ 18 በመቶ ውሃ ይዞ ተልጎና ተነጥፎ፣ በመጋቢት ወደ 10 በመቶ ቢወርድ፣ የ8 በመቶው ለውጥ ስፋቱን 2.3 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። ይህም በእያንዳንዱ ጣውላ 2.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ39ኙ መጋጠሚያዎች ሁሉ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ይከፈታል። ማሽኑ ጣውላውን በትክክል ልጎት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ገና ያልረጋ እንጨት ነው የላገው። እንዲህ ያለውን ክፍተት አይቶ ‹‹አላላጉ ነው›› ማለት ጥፋቱን ከሌለበት ቦታ መፈለግ ይሆናል።

የጣውላን እርጥበት ለማወቅ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ፣ ከጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለን አንድ ቁራጭ እንወስዳለን። ወዲያውኑ እንመዝነዋለን፤ በቤተ ሙከራ ምድጃ በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ እናደርቀውና እንደገና እንመዝነዋለን። 236 ግራም የነበረው 200 ግራም ቢሆን፣ የጠፋውን 36 ግራም ለ200 አካፍለን በ100 ስናባዛ 18 በመቶ እናገኛለን። ለአዲስ አበባ ወለል እንዲህ ያለ ጣውላ ገና አልደረሰም፤ በ10 እና በ12 በመቶ መካከል ቢሆን ግን የበጋውንና የክረምቱን መካከለኛ ይዟል።

የማሽኑ የእጅ ጽሑፍ

አሁን ደግሞ በእውነት ከማሽኑ የሚመጡትን ጉድለቶች እንመልከት። የመላጊያ ማሽን በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ የተገጠሙ ምላጮች አሉት። ጣውላው በሥሩ ሲያልፍ እያንዳንዱ ምላጭ ጥቂት እየቀረፈ ይሄዳል። የምላጩ ጉዞ ክብ ስለሆነ የሚተወው ገጽ ፍጹም ጠፍጣፋ አይሆንም፤ ሞገድ የሚመስሉ ጥቃቅን ሸለቆዎች ተከታትለው ይታተማሉ። በሁለት ሸለቆዎች መካከል ያለው ርቀት የሚገኘው ጣውላው በደቂቃ የሚጓዘውን ርቀት ለሲሊንደሩ የደቂቃ ዙርና ለምላጮቹ ቁጥር ብዜት በማካፈል ነው። ጣውላው በደቂቃ 9 ሜትር ቢጓዝ፣ ሲሊንደሩ በደቂቃ 4500 ጊዜ ቢዞር፣ ምላጮቹም ሁለት ቢሆኑ ርቀቱ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ መልካም አላላግ ነው።

ከሁለቱ ምላጮች አንዱ በስሕተት ከሌላው ወጣ ብሎ ቢገጠምስ? መጨረሻውን ገጽ የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለሚሆን ርቀቱ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሠራተኛው ቸኩሎ የጣውላውን ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሸለቆው ጥልቀት የሚያድገው በርቀቱ ስኩዌር መጠን በመሆኑ፣ ርቀቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጥልቀቱ ዐሥራ ስድስት እጥፍ ያድጋል። 10 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ላለው ሲሊንደር ጥልቀቱ ከ0.0025 ወደ 0.04 ሚሊ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ይህ ከሰው ጸጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ሆኖም ቫርኒሽ ተቀብቶ ብርሃን ከመስኮት በጎን ሲወድቅበት ወለሉ ሁሉ የተሸበሸበ መስሎ ይታያል።

ሌሎቹም ጉድለቶች የየራሳቸው አሻራ አላቸው። በጣውላው ርዝመት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቀጭን ጉብታ ካየን ምላጩ አንድ ቦታ ላይ ተሸርፏል፤ ይህ ከአሮጌ ቤት በተነሣ ጣውላ ውስጥ ተደብቆ የቀረ ምስማር የሚያደርሰው የተለመደ ጉዳት ነው። በጣውላው ጫፍ ላይ ብቻ ወደ ታች የተቦረቦረ ቦታ ካለ፣ ጣውላው ማሽኑን ሊለቅ ሲል በቂ ድጋፍ አላገኘም። ቃጫው ተነቅሎ ሻካራ ጉድጓድ ከተፈጠረ፣ ጣውላው የተላገው ከቃጫው አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ገጹ ለስላሳ መስሎ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ቃጫው የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ምላጩ ዶልዱሟል፤ እንጨቱን እየቆረጠ ሳይሆን እየደፈጠጠ አልፏል። እነዚህን ምልክቶች ለማየት ጣውላውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ በጎን መመልከት ይበቃል።

ድርደራ እንደ መድኃኒት

ከአላላግ ጉድለቶች ሁሉ ለእግር ቶሎ የሚሰማው የውፍረት ልዩነት ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆን እርከን በባዶ እግር ይታወቃል። እዚህ ላይ በአማካይ መታለል አይገባም። አንዱ ክምር ከ19.9 እስከ 20.1፣ ሌላው ከ19.2 እስከ 20.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ጣውላዎች ቢይዝ የሁለቱም አማካይ 20 ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ግን መልካም ጣውላ ሲሆን ሁለተኛው ችግር ነው። ስለዚህ በካሊፐር የምንለካው አማካዩን ለማግኘት ሳይሆን ትንሹንና ትልቁን ለማወቅ ነው። እያንዳንዱን ጣውላ በሁለቱ ጫፎችና በመሐሉ ለክቶ ቁጥሩን በጀርባው በእርሳስ መጻፍ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ክምር ከደረሰን ምን እናድርግ? ወደ ማሽን ቤት መልሶ ማስላግ የሚቻል ከሆነ መልካም ነው። የማይቻል ከሆነ ግን ምንም ገንዘብ የማያስወጣ መፍትሔ አለ፤ እርሱም ጣውላዎቹን በውፍረታቸው ቅደም ተከተል መደርደር ነው። 40ዎቹን ጣውላዎች እንደ መጡ ብናነጥፋቸው ከ19.2 ሚሊ ሜትሩ አጠገብ 20.8ቱ ሊወድቅና 1.6 ሚሊ ሜትር እርከን ሊፈጠር ይችላል። ውፍረቶቹ በሁለቱ ዳርቾች መካከል በእኩል የተሠራጩ ከሆነ፣ በዘፈቀደ በተነጠፈ ወለል ላይ በጎረቤታሞች መካከል የሚኖረው አማካይ ልዩነት የጠቅላላው ልዩነት ሲሶ፣ ማለትም ከ0.5 ሚሊ ሜትር በላይ እንደሚሆን የፕሮባቢሊቲ ስሌት ያሳያል። ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ በተራ ብንደረድራቸው ግን ያው 1.6 ሚሊ ሜትር ለ39 መጋጠሚያዎች ይከፋፈልና ለእያንዳንዱ 0.04 ሚሊ ሜትር ብቻ ይደርሰዋል። ልዩነቱ አልጠፋም፤ ወለሉ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው በ1.6 ሚሊ ሜትር ያዘነብላል። ነገር ግን በ4 ሜትር ላይ የተዘረጋውን ይህን ዝንባሌ ማንም እግር አያውቀውም።

በስፋት ረገድም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው። በአንድ ረድፍ ውስጥ ጫፍ ለጫፍ የሚገጥሙት ጣውላዎች እኩል ስፋት ሊኖራቸው ይገባል። 100 እና 101 ሚሊ ሜትር የሆኑት በአንድ ረድፍ ቢደባለቁ፣ ቀጣዩ ረድፍ በሰፊው ላይ ያርፍና ከጠባቡ ጋር የ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። በየረድፉ ቢለዩ ግን ልዩነቱ አይታይም።

የተጣመመውን ጣውላ ማቃናት

በጎኑ እንደ ቀስት የጎበጠ ጣውላ ለአናጢ ሁሉ ፈተና ነው። የተለመደው ዘዴ በሽብልቅ እየገፉ አቅንቶ ምስማር መምታት ነው። ዘዴው የሚሠራበትን ወሰን የሚነግረን የመካኒክስ ሕግ አለ። ጣውላን በጎኑ ለማጉበጥ ወይም ለማቃናት የሚያስፈልገው ኃይል ከስፋቱ ኩብ ጋር ያድጋል። ውፍረታቸውና ርዝመታቸው እኩል ከሆነ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ 5 ሳንቲ ሜትር ካለው ይልቅ ስምንት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ጠባቡ በሽብልቅ ይታዘዛል፤ ሰፊው ግን በግድ ቢገፋ ምላሱ ይሰበራል፤ ወይም ለጊዜው ተቃንቶ በኋላ ምስማሩን እየጎተተ ይመለሳል።

ለሰፊው የሚሻለው መፍትሔ መጋዝ ነው። የጎበጠ ጣውላ የትልቅ ክብ ቁራጭ ነው ብለን ብናስበው፣ የጉብጠቱ ከፍታ የሚለካው በርዝመቱ ስኩዌር ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ሆኖ 12 ሚሊ ሜትር የጎበጠውን ጣውላ ከመሐሉ ብንቆርጠው፣ እያንዳንዱ ግማሽ የሚኖረው ጉብጠት 6 ሚሊ ሜትር ሳይሆን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሦስት ቦታ ብንቆርጠው ደግሞ ወደ 1.3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በመጋዝ ሁለት ጊዜ በመቁረጥ የማይታዘዘው ጣውላ ታዛዥ ይሆናል። ለዚህ የምንከፍለው ዋጋ የመጋጠሚያዎች መብዛት ነው፤ ወለሉ በሞራሌ ላይ የሚነጠፍ ከሆነ እያንዳንዱ ጫፍ ሞራሌ ላይ ማረፍ ይኖርበታል፤ የጎረቤት ረድፎች መጋጠሚያዎችም በአንድ መስመር ላይ መዋል የለባቸውም።

እንደ ጠመዝማዛ የዞረ ጣውላ ግን በመሬት ላይ ሲቀመጥ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖቹ የሚነሡ ስለሆነ በወለል ላይ አይረጋም። ወደ አጫጭር ቁራጮች ተለውጦ ለግድግዳ ጥግና ቁም ሣጥን ለሚቆምበት ቦታ ቢውል ይሻላል።

ምላስና ቦይ

የወለል ጣውላ በአንድ ጎኑ ምላስ፣ በሌላው ጎኑ ቦይ ይወጣለትና በወንዴና በሴቴ ይገጣጠማል። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ ምላሱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ቦዩ ከዚያ ጥቂት ሰፋ፣ ከምላሱ ርዝመትም በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ጠለቅ ማለት አለበት። ቦዩ ጥልቀት ካጠረው የምላሱ ጫፍ ግድግዳውን ቀድሞ ይነካና የላይኞቹ ጠርዞች ሳይገናኙ ይቀራሉ። አናጢው በመዶሻ ቢደበድበው የቦዩ ከንፈር ይሰነጠቃል እንጂ ክፍተቱ አይዘጋም። ስለዚህ አስቀድሞ በቦዩ ውስጥ የተጠራቀመ ሰጋቱራ መኖሩን ማየት፣ ከሌለም የምላሱን ጫፍ በእጅ መላጊያ ጥቂት ማሳጠር ይገባል።

ምላሱ ወፍሮ አልገባ ካለ ደግሞ የሚቀረፈው ከታችኛው ገጹ ነው። የሁለቱን ጣውላዎች ከፍታ እኩል የሚያደርገው የምላሱ የላይኛው ገጽ ስለሆነ እርሱ ከተነካ እርከን ይፈጠራል። ምላሱ ሳስቶ በቦዩ ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ሰው በረገጠው ቁጥር እንጨት ከእንጨት ይፋተጋል፤ ብዙ ሰዎችን የሚያሰለቸው የሌሊት መንቋቋት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ጣውላን ወደ ጎረቤቱ ስናስጠጋም መዶሻው በቀጥታ ምላሱ ላይ ማረፍ የለበትም፤ ቦይ ያለው ጉማጅ በመካከል ይደረጋል።

እዚህ ላይ ለማሽን ቤቱ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፤ ምላሱና ቦዩ ሲወጡ በማሽኑ ጠረጴዛ ላይ የተኛው የጣውላው ፊት ነው ወይስ ጀርባው? ፊቱ ከሆነ የላይኛው ገጽ እኩል ይገጥማል፤ የውፍረቱ ልዩነት በሥር ይደበቃል። በዚህን ጊዜ ቀጭኑ ጣውላ በሥሩ ባዶ ሆኖ እንዳይንቋቋ ከታች በስስ ነገር መደገፍ ያሻዋል። ጀርባው ከሆነ ግን ልዩነቱ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል።

ከጣውላው ሥር

እጅግ መልካም ጣውላም በመጥፎ መሬት ላይ መጥፎ ወለል ይሆናል። ባለ 2 ሜትር ስታጃ በሊሾው ላይ በየአቅጣጫው ሲጋደም ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ከታየ መስተካከል ያለበት ሊሾው ነው። ሊሾው ራሱም ውሃ ይዟል፤ እንደ ልማዳዊ ግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል መድረቂያ ይፈልጋል። መድረቁን ለማወቅ አንድ ካሬ ሜትር የሚሆን ግልጽ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ ከአንድ ቀን በላይ ማቆየት ይቻላል። ላስቲኩ ከሥሩ ካላበው ወይም ሊሾው ከጠቆረ ጊዜው አልደረሰም። የልስንና የቀለም ሥራ ካለቀ በኋላም ጣውላው በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ፣ በየመካከሉ አየር እንዲያልፍ ማራራቂያ እንጨት እየተደረገ፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቢከመር ከክፍሉ አየር ጋር ይላመዳል።

በግድግዳው ዙሪያ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተውና በዞኮሎ መሸፈንም የሚዘለል ነገር አይደለም። 4 ሜትር ስፋት ያለው ወለል በክረምት 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሰፋ ፈልጎ ግድግዳው ቢከለክለው ወዴት ይሄዳል? መውጫው ወደ ላይ ነው። ከምስማሩ ለቅቆ እንደ ቀስት ቢነሣ፣ የመሐሉ ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሚሆን የቀስት ርዝመት ስሌት ያሳያል። አንዲት ሳንቲ ሜትር ጉልበት የሚያህል እብጠት የምትፈጥረው በዚህ መንገድ ነው።

ማለስለስና ጥንቃቄው

ብዙ ሰዎች ጉድለቱን ሁሉ ለማለስለሻ ማሽን ይተዉለታል። የማሽኑ ሞገድና ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ እርከን በርግጥ በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል። ይሁን እንጂ ከምላሱ በላይ ያለው እንጨት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነውና በየጊዜው የሚፋቀው ከወለሉ ዕድሜ የሚቀነስ ነው። በተለይ የጣውላዎቹ ጠርዝ ተነሥቶ መሐላቸው ሰርጉዶ ከታየ ለመፋቅ መቸኮል አይገባም። ይህ ብዙውን ጊዜ የሥሩ ገጽ እርጥበት ጠጥቶ መስፋቱን የሚያመለክት ነው። የተነሣው ጠርዝ ዛሬ ተፍቆ ቢስተካከል፣ በጋ ሲመጣ ሥሩ ይደርቅና ጣውላው ወደ ነበረበት ሲመለስ የተፋቀው ጠርዝ ዝቅ፣ መሐሉ ከፍ ብሎ ይቀራል። አስቀድሞ የእርጥበቱን ምንጭ ማስወገድ፣ ከዚያም እንጨቱ እስኪረጋ መጠበቅ ያስፈልጋል። በማለስለስ ጊዜ የሚነሣው ብናኝም ቀላል ነገር አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ጎራ መድቦታል። ሠራተኛው አፍንጫውንና አፉን ሸፍኖ፣ መስኮት ከፍቶ ሊሠራ ይገባዋል።

ከስምምነቱ ይጀምራል

ከላይ ከዘረዘርነው የምንረዳው፣ በደንብ ያልተላገ ጣውላ ሁሉ የሚጣል እንዳልሆነ ነው። የውፍረት ልዩነት ድርደራን፣ ጉብጠት መጋዝን፣ የወፈረ ምላስ የእጅ መላጊያን፣ እርጥብ ጣውላ ጊዜን ይፈልጋል። ለእያንዳንዳቸው የሚከፈለው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ጣውላው ከመነጠፉ በፊት እስከ ሆነ ድረስ። ከተነጠፈ በኋላ ግን ጉድለቱ ከስለት ይሁን ከውሃ፣ ከማሽን ቤቱ ይሁን ከአናጢው መለየት ያስቸግራል፤ ለማረምም ወለሉን መንቀል ግድ ይሆናል።

ስለዚህ ወለል የሚያሠራ ሰው ጣውላውን ከመረከቡ በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ቢስማማ ራሱንም ባለሙያውንም ከክርክር ያድናል። አንደኛው የጣውላው እርጥበት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ሁለተኛው በቀጭኑና በወፍራሙ መካከል የሚፈቀደው ልዩነት ስንት እንደሆነ፣ ሦስተኛው ከወሰኑ የወጣው ጣውላ በማን ወጪ እንደሚመለስ ወይም እንደገና እንደሚላግ ነው። ለመቆረጫና ለሚጣለው ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ጣውላ መያዝም ተገቢ ነው። አናጢው ለመለካትና ለመደርደር አንድ ሙሉ ቀን ቢጠይቅ እንደ ስንፍና ሊቆጠርበት አይገባም፤ የዚያ ቀን ክፍያ አንድን ክፍል ነቅሎ ዳግመኛ ከማስነጠፍ ጋር አይወዳደርም።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪም ነገሩን በገዛ እጁ ሊሞክረው ይችላል። በአቅራቢያው ካለ የእንጨት ሥራ ቤት ዐሥር የወለል ጣውላ ቁራጮችን ለምኖ በካሊፐር ይለካ፤ ትንሹንና ትልቁን ይጻፍ፤ በዘፈቀደ አስቀምጦ በጎረቤታሞች መካከል ያለውን ልዩነት ያስላ፤ ከዚያም በቅደም ተከተል ደርድሮ እንደገና ያስላ። የሁለቱን ውጤቶች ልዩነት ለሠራተኞቹ ቢያሳያቸው፣ እነርሱም በበኩላቸው በመጽሐፍ የማይገኝ ብዙ ነገር እንደሚያሳዩት አንጠራጠርም።